ቀይዋ ቋጠሮ

ነቢዩ አርባ አንድ ያላለቁ ዜማዎች ነበሩት። አርባ ሁለተኛውን የጀመረው ከጎረቤት ጋር ሊጣላ ሄዶ ነው።

ደብረ ብርሃን፣ አቶ ወልደጻድቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ላፕቶፕ፣ ሃያ አምስት ቁልፍ ያላት ትንሽ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክና ሁለት ብርድ ልብስ አሉ። አንደኛው ብርድ ልብስ ለመልበስ ነው። ሁለተኛው ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ውርጩ ሲጠና ሁለተኛውም ከግድግዳው ወርዶ አልጋ ላይ ይውላል፤ ያን ቀን ሥራ የለም።

ሥራው በኮምፒውተር ዜማ መድረስ ነበር። እንጀራውን የሚበላው የሰርግ ቪዲዮ ድምፅ እያጸዳ ቢሆንም፣ ሥራህ ምንድነው ሲባል የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው አንድ ሰው ጅምሮቹን ሰምቶ ወዶለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የሚጽፍለት አንድ ዓይነት መልእክት ነው፦ «ያለቀ ነገር ላክልኝ።» ነቢዩ ደግሞ አይጨርስም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሲያስተካክል ነው የሚውለው። አንዱን ድምፅ ወደ ግራ በፀጉር ስፋት ይገፋና ያዳምጣል፤ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይገፋዋል። እንዲህ ሲል አንድ ወር ይሄዳል፣ ዜማው ይሰለቸዋል፣ ሌላ ይጀምራል።

በጥቅምት ወር ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ቤት ስጋጃ ሠሪ ሴቶች ተከራዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማይኩ ውስጥ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል ነገር ገባ። ሁለት ቀን ታገሠ። በሦስተኛው ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ቀስ ብላችሁ ብትመቱ?»

ከአራቱ ሴቶች ሦስቱ ሳቁ። አራተኛዋ የብረት ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዞር አለች። ክሩን ከቋጠሩ በኋላ ወደ ታች እየመቱ የሚያጠብቁበት ከባድ ነገር ነው፤ ዱብ ዱቡ ከሱ ነው የሚመጣው።

«ቀስ ተብሎ የተመታ ስጋጃ ይላላል፤» አለችው። «አንተ ምን ልትሠራ ነው እኛ ዝም የምንለው?»

«ሙዚቃ።»

«ሙዚቃ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ ማኅደረማርያም ትባላለች፤ ማኅደር ይሏታል። አንኮበር አጠገብ ያለችው የጎረቤላ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን የመጣችው የስጋጃ ሠሪዎቹ ማኅበር ኃላፊ የሆኑት ወይዘሮ ቦሰና ዘንድ እየኖረች ስጋጃ ልትሠራ ነው። ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ዓይኗ ዝም ብሎ የሚያይ፣ ንግግሯ አጭር ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሙዚቃ የሚባለውን ነገር ልታይ መጣች። ወይዘሮ ቦሰና ፈቅደዋል፤ በሩ ወለል ብሎ እንዲከፈት ግን አዘዋል። ነቢዩ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረላት። ማያው ላይ ጥቃቅን ካሬዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ካሬ ተቀብቷል፣ አንዳንዱ ባዶ ነው።

ማኅደር ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄማ የኛ ወረቀት ነው፤» አለች።

«የምን ወረቀት?»

ከኪሷ ባለካሬ ወረቀት አወጣች። የስጋጃ ንድፍ ነበር። አንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው፤ ቀለሙ የክሩ ቀለም ነው። ነቢዩ ወረቀቱን ከማያው ጎን አስጠጋው።

«የኔ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፤» አላት። «ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጊዜ ነው።»

«የኛ ጊዜው ከታች ወደ ላይ ነው። ሌላው አንድ ነው።» ጣቷን ማያው ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ አንዱን ነገር አራት ጊዜ ደገምከው።»

«መደጋገም አለበት። ሰው ዜማን የሚይዘው ሲደገምለት ነው።»

«ይደገም። ግን እኛ ሦስተኛው ላይ ጥጉን እንቀይራለን። አለዚያ ዓይን ያንቀላፋል።»

ነቢዩ ሰው ሥራውን ሲነካበት አይወድም። ቢሆንም የሦስተኛውን ድግግሞሽ መጨረሻ አንድ ካሬ ከፍ አደረገና አጫወተው። ተቀምጦ የነበረው ዜማ ተነሣ። ማኅደር የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ነበርና ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ ትመጣለች፤ በሩም ይከፈታል፤ ብርዱ ይገባል። የሚያውቀውን ሁሉ አሳያት። ኪቦርዱን ከመንካት በፊት በአፍ ማንጎራጎር እንደሚሻል ነገራት፤ ጣት ሁልጊዜ ወደ ለመደበት ነው የሚሄደው። የመጀመሪያውን ሐረግ እንደ ጥያቄ አንጠልጥሎ መተው፣ ሁለተኛውን እንደ መልስ ቤቱ አስገብቶ ማሳረፍ እንደሚቻል አሳያት። ባዶውን ካሬ እንዳትፈራው አሳሰባት።

«እኔ ባዶ አልፈራም፤» አለችው። «አባቴ ተማሪ ሲያስጠና ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ነው የሚቆጣው። የሚፈራው አንተ ነህ። ሁሉን ቦታ ሞልተኸዋል።»

«እሺ፣ የቱን ላውጣ?»

«ይቺን። ይቺንም።»

አወጣቸው። አንድ ቀን ኪቦርዱን ራሷ ልትሞክር ስትቀመጥ ጣቷ የትም ቢያርፍ ጥሩ ድምፅ ሆነባት። ገረማትና እጇን አነሣች።

«የባቲ ቅኝትን አምስት ድምፆች ብቻ እንዲቀበል ቆልፌዋለሁ፤» አላት እየኮራ። «ሌላ ብትነኪ ቅርብ ወዳለው ይጎትትልሻል። መሳሳት አይቻልም።»

«ጭራሽ አይቻልም?»

«ጭራሽ።»

ማኅደር ኪቦርዱን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ «ና፣ እኔም ያንተን ያህል ላሳይህ» ብላ ወደ ስጋጃው ቤት ወሰደችው። አንድ ያለቀ ስጋጃ ገለጠችለት። ግራጫና ነጭ ነው፤ ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ቋጠሮ አለች። ንድፉ አያውቃትም፤ ቦታዋም አይደለም።

«ተሳስተሽ ነው?»

«ፊርማዬ ነው። እትዬ ቦሰና ያወጡት ደንብ ነው። እያንዳንዳችን የማይገባበት ቦታ ላይ አንዲት ቋጠሮ እናስገባለን፤ ስጋጃው ነገ ቅሬታ ቢመጣበት የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል። የኔ ቀይ ናት። ሥራውን ከልቤ ካልወደድኩት አላስገባትም፤ ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ።»

ነቢዩ ቀይዋን ቋጠሮ በጣቱ ነካት። በጣም ቆንጆ ነገር ነው አለ። ከዚያ ረሳት።

ይወዳት ነበር። ይህ ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ግልጽ ነው፤ ለአቶ ወልደጻድቅም ለሦስቱ ሴቶችም ግልጽ ነው። እሷም ትወደዋለች፤ እሷ ግን የምትለውን የምትለው አንዴ ነው። እሱ እንኳን ይህን ያህል ነገር፣ የሰላምታ መልእክት ለመላክም ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ የሚያጠፋ ሰው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከጎረቤላ ወሬ መጣ። ወርቅአገኘሁ የሚባል የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ለማኅደር ሽማግሌ ልኳል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ይህ ነው የሚባል ነውርም አልተገኘበትም። መሪጌታ እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ እየሰጡ መልሰዋቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጡት ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ ያን ጊዜ እሺ ወይም እምቢ መባል አለበት።

ማኅደር ይህን ለነቢዩ በቁሟ ነገረችው። ከዚያ ባለካሬ ወረቀት ሰጠችው። ሠላሳ ሁለት ካሬ ስፋት ያለው ንድፍ ነው፤ ካሬዎቹ በጥቁር እስክሪብቶ ተሞልተዋል። ይህ ግን ስጋጃ አልነበረም። ወደ ጎን የሚሄድ ነበር።

«ዜማ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት፤» አለች። «አንተ ድምፅ ስጠውና ጨርሰህ አሰማኝ። ከዚያ ሰው ላክ። አባቴን እኔ አናግራለሁ።»

«ብጨርሰው ነው?»

«ብትጨርሰው ነው። አርባ ሁለተኛ ሆኜ ልቀር አልፈልግም።»

ነቢዩ ያን ቀን በደስታ ምሳ አልበላም። ወረቀቱን ማያው ጎን ለጥፎ ካሬዎቹን አንድ በአንድ አስገባ። ከመጨረሻው ሐረግ ውስጥ አንዲቷ ካሬ ቀይ ነበረች። ጥቁሩ እስክሪብቶ ያለቀባት መሰለው። እሷንም አስገባት። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ከአምስቱ ድምፆች ውጪ ያለችውን ይዞ ቅርብ ወዳለው መስመር ጎተታት። ነቢዩ አላየም፤ ቅኝቱን ከቆለፈው ዓመት አልፎታል።

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። ዜማውን መጀመሪያ በዋሽንት ድምፅ ሞከረው፣ ቀጥሎ በክራር፣ ቀጥሎ ራሱ በሠራው እንደ መስታወት በሚጠራ ድምፅ። ከሥሩ ዝቅ ያለ ባስ አስገባ፣ ከበሮ አስገባ፣ ከበሮውን አወጣ። እያንዳንዱ ድምፅ ምቱ ላይ ልክ እንዲያርፍ መስመር አስያዘው። ማኅደር በምሳ ሰዓት መምጣት አቆመች፤ ሲጨርስ ይጥራኝ አለች። ከግድግዳው ወዲያ ዱብ ዱቡ ይሰማል። ሦስት ሳምንት አለፈ።

የከተራ ዋዜማ ጠራት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ነቢዩ ፊቷን ያያል። መጀመሪያ ፈገግ አለች። አጋማሹ ላይ እንባ የመሰለ ነገር መጣባት። መጨረሻው አካባቢ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ጠበቀች። ዜማው አለቀ። ዓይኗን ገለጠች።

«ቀይዋስ?» አለችው።

«የቷ ቀይ?»

ወረቀቱ እዚያው ተለጥፎ ነበር። ልታሳየው ትችል ነበር፤ አላሳየችውም። ማዳመጫውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሁሉም ልክ ነው፤» አለች። «አንድም ስህተት የለበትም። እኔ ግን የለሁበትም፤ ለማንም የሚሆን ነው።»

«ማኅደር፣ ምን ሆነሽ ነው? የቱ ጋ ነው? ንገሪኝና አስተካክለዋለሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ታስተካክለዋለህ፤» ብላ ወጣች። በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ለበዓል ጎረቤላ ሄደች።

ነቢዩ በዓሉን ክፍሉ ውስጥ ዋለ። ከተማው በሙሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል፤ እሱ የባሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ሲሰበርም የሚያውቀው ነገር ያንኑ ብቻ ነው። በቃና ዘገሊላ ዕለት ወይዘሮ ቦሰና የተዘጋውን በር ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ።

«ልጄን ምን አድርገሃት ነው? ደውዬ ብጠይቃት ምንም አልል አለችኝ።»

«እኔም አላወቅሁም እትዬ ቦሰና። ቀይዋስ አለችኝ። የቷ ቀይ ብላት ተነሥታ ሄደች።»

ወይዘሮ ቦሰና ማያው ጎን የተለጠፈውን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ዜማ አያውቁም፤ ወረቀት ግን ሠላሳ ዓመት አንብበዋል። ጣታቸው ከታች በስተቀኝ ጥግ ሄዶ ቆመ።

«ፊርማዋን አስገብታልሃለች እኮ፤» አሉ። «ሥራውን ካልወደደችው አታስገባም። ይኸውልህ፣ ሽማግሌ ሳትልክ መልስ ሰጥታህ ነበር። የት አደረስከው?»

ነቢዩ ወደ ማያው ዞረ። ቀይዋ መሆን የነበረባት ቦታ ባዶ ነበር። ከሥሯ ባለው መስመር ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፋ አገኛት።

የቅኝቱን ቁልፍ ከፈተ። ድምፅዋን አንድ ካሬ ከፍ አደረጋት። ተጫወተች፤ ጎረበጠች፤ ከዚያ ቀጣይዋ ድምፅ ተቀብላ ቤት አገባቻት። ዜማው አሁን ሰው ያለበት መሰለ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ነቢዩ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ሌላ ነገር እንዳይነካ።

«እትዬ ቦሰና፣ ሽማግሌ ይሆኑኛል?»

«ሴት ሽማግሌ?»

«እርስዎ ካልሄዱ ማን ያስረዳልኛል?»

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ቦሰናና ነቢዩ ከአቶ ወልደጻድቅ ጋር ሦስት ሆነው ጎረቤላ ወረዱ። እንደ ወጉ ልጁ አብሮ አይመጣም። ነቢዩ ግን ላፕቶፑን የሚከፍት ሌላ ሰው ስላልነበረ መጥቶ ከመሪጌታ አጥር ውጪ ላፕቶፑን አቅፎ ቆመ። የአንኮበር ንፋስ ጋቢውን ይገልበዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ፤» አሉ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም፤» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ቆመው። «ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው።»

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

«ዜማ ይደርሳል።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «የየትኛው ደብር ነው?»

«የኮምፒውተር ነው፤» አሉ ወይዘሮ ቦሰና። መሪጌታ በበሩ ወደ ውጭ አዩ።

«አጥሩ ጋ ዕቃ አቅፎ የቆመው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ብርድ ላይ ምን ያቆመዋል? ይግባ።»

ነቢዩ ገብቶ እጅ ነሣ። ላፕቶፑን ከፍቶ ማዳመጫውን በሁለት እጁ አቀረበ። ማዳመጫው በመሪጌታ ጥምጥም ላይ አልገባ ብሎ ወይዘሮ ቦሰና ማገዝ ነበረባቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይቆጥራል። መጨረሻው አካባቢ ጣታቸው ቆመች።

«ያንተ ነው?»

«ዜማው የልጅዎ ነው፣ መሪጌታ። እኔ ድምፅ ነው የሰጠሁት።»

«ደህና ነው። ግን አንዲት ከቤቷ የወጣች አለች። ተማሪዬ ቢሆን አስደግመው ነበር። አልሰማሃትም?»

«ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቃናሃትም?»

«አንድ ጊዜ አቃንቻት ነበር፤» አለ ነቢዩ። «ልጅዎ በማግስቱ ጥላኝ መጣች። ያለ እሷ የማደርገውን አላውቅም።»

መሪጌታ ማዳመጫውን አወለቁ። ሳቅ መጥቶባቸው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ማኅደረማርያምን ጥሯት፤» አሉ።

ማኅደር ከጓዳ ወጣች። ነቢዩን አየችው። አባቷ ማዳመጫውን ሰጧት። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ የማይሰሙትን ነገር ከፊቷ ላይ ለማየት ቆሙ። ከማዳመጫው የሚወጣው እንደ ጉንዳን ኮቴ ያለ ሹክሹክታ ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ፤ ሁለት ደቂቃ። አቶ ወልደጻድቅ ከአንዱ እግራቸው ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። ነቢዩ የት እንደደረሰች ከማያው ላይ ይከታተላል፤ ሰባት ካሬ ቀረ፣ አራት ቀረ፣ ሁለት።

የማኅደር አውራ ጣትና አመልካች ጣት ተገናኙ፤ አየር ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠሩ። እጇ ያደረገውን እሷም ያወቀችው አልመሰለም።

ማዳመጫውን አውልቃ ለአባቷ መለሰች።

«ጨርሶታል፤» አለች።

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፤ ነቢዩን አዩ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ የነገዎቹን ሰዎች ምን ልበላቸው?» አሉ ለማንም ሳይሆን።

«አሁን እንቀመጥ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ተቀመጡ እንጂ!»

ወርቅአገኘሁ እምቢታውን በጨዋ ደንብ ተቀበለ። የነቢዩና የማኅደር ሰርግ ከዐቢይ ጾም በፊት ሆነ። አሁን በአቶ ወልደጻድቅ ግቢ ሁለት ክፍል አላቸው፤ ብርድ ልብሱ አራት ደርሷል።

ነቢዩ ዜማውን አዲስ አበባ ላለው ሰው ላከለት። መልሱ በሳምንቱ መጣ። «በጣም ግሩም ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት የሳተች ድምፅ አለች፤ እሷን ብቻ አስተካክለህ ላክልኝና በዚህ ወር እንለቀዋለን።» ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር ይኸው ነበር። ስልኩን ይዞ ወደ ስጋጃው ቤት ሄደ። ማኅደር መልእክቱን አንብባ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ምን ልትለው ነው?»

አጠገቧ ተቀምጦ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አላጠፋም። «አልቋል» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ ላከ።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ዱብ ዱቡ ቀጠለ። ከአዲስ አበባ እስካሁን መልስ አልመጣም።